የጋሽ ዘካርያስ አጭር ምሰሶ

«አልማዝ ተሻገረች። ምሰሶው አለ።»

አለቀ። ጋሽ ዘካርያስ ባለፈው ማክሰኞ በቴሌግራም የላኩልኝ የድምፅ መልእክት ይኼው ነው፤ አራት ቃል። እኔ ግን የኬሚስትሪ ደብተሬን ወርውሬ ከቤት ወጣሁ። እየሮጥኩ እማዬ ሱቅ ደርሼ አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ፤ ዘይት ልትገዛ የቆመችውን ጎረቤታችንንም አልማርኳትም።

«ምን ሆነሽ ነው አንቺ ልጅ? ማትሪክ መጣ እንዴ?» አለችኝ ሴትዮዋ።

የእኔ ማትሪክ ገና የሚመጣው ዓመት ነው። «ምሰሶው አልተሰበረም!» አልኳት።

«የማን ቤት ምሰሶ?»

«የጀልባ!»

ሴትዮዋ ወደ እማዬ ዞረች። እማዬ ዘይቱን እያቀበለቻት፣ «ተያት፣ የኖኅ ነገር ነው» አለች፤ ያኔ ሴትዮዋም ገባት። በእኛ ሰፈር «ኖኅ» ሲባል ማን እንደሆነ የማያውቅ የለም።

ደስታዬ ሩብ ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ ንዴቱ መጣ። እንዲህ ያለ ነገር በአራት ቃል ይነገራል? ነፋስ ነበረ? ሸራው እንዴት ሆነ? ቋጠሮውስ? እትዬ አልማዝ ምን አሉ? መልሼ ብደውል ስልካቸው ዝግ ነው። ባትሪ አልቆባቸው ይሆናል። ወይም ደግሞ የሚነገረው ሁሉ ተነግሯል ብለው አጥፍተውት ይሆናል፤ እሳቸውን የሚመስለው ሁለተኛው ነው። ከድሮም እንዲህ ናቸው፤ ያስደስቱኝና ደስታዬን አጣጥሜ ሳልጨርስ ያናድዱኛል። እናም ስልካቸው እስኪከፈት ቁጭ ብዬ ስለ እሳቸው መጻፍ ጀመርኩ።

ጋሽ ዘካርያስ አናጢ ናቸው። ለቡ መብራት ኃይል ካለው ግቢያችን ጀርባ አንዲት ሰርቪስ ክፍል ተከራይተው ሁለት ዓመት ከእኛ ጋር ኖረዋል። ቀን ቀን በየጅምር ሕንፃው ኮንክሪት የሚሞላበትን ጣውላ ይመታሉ። ከሥራ መልስ ደግሞ ግቢያችን ውስጥ ጀልባ ይሠራሉ። አዎ፣ ጀልባ። ለቡ ውስጥ። ሐይቅ ላይ ሽርሽር ያማረው ሰው ቢሾፍቱ መሄድ ባለበት ከተማ። ከሥራ ቦታ የተጣለ ጣውላ እያስፈቀዱ፣ አንድ በአንድ በትከሻቸው እየተሸከሙ አምጥተው፣ የእማዬን የልብስ ማስጫ ቦታ ሙሉ በሙሉ ወረሱት።

ትውልዳቸው ዓባያ ሐይቅ ዳር ነው። ታናሽ እህታቸው እትዬ አልማዝ እስከ ዛሬ እዚያው ናቸው። ሙዝ ያመርታሉ፤ ሙዙ የሚሸጥበት ገበያ ግን ከሐይቁ ማዶ ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ሙዙን በጀልባ ጭነው እየቀዘፉ ሲመላለሱ ኖረው ቀኝ ትከሻቸው አለቀ። ሐኪሙ፣ «መቅዘፍ ካላቆሙ ይህን ክንድ አያዙበትም» አላቸው። መቅዘፍ ካቆሙ ደግሞ ገበያ የለም፤ ገበያ ከሌለ ሙዙ ማሳው ላይ ይበሰብሳል። ሞተር ለእሳቸው የማይታሰብ ነው። የቀረው ነፋስ ብቻ ነበር።

ነፋስ ደግሞ ዝም ብሎ አይታመንም። ዓባያ ላይ ጀልባው የተገለበጠበት ሰው ዋና መቻሉ አያድነውም፤ አዞው ብዙ ነው። የጋሽ ዘካርያስ ጭንቀት እንግዲህ ይኼ ነበር፦ እህታቸውን የሚያሻግር፣ የማይገለብጥ፣ በአንድ እጅ ብቻ የሚታዘዝ ምሰሶና ሸራ መሥራት። ጀልባዋ ስታልቅ ከአርባ ምንጭ ያመጡትን ሙዝ አራግፈው ባዶአቸውን በሚመለሱት አይሱዙዎች በአንዱ ተጭና ትወርዳለች።

እኔ እዚህ ውስጥ የገባሁት በጉራዬ ነው። እማዬ ለአንድ ደንበኛዋ «የኔ ልጅ በሒሳብም በሥዕልም የሚደርስባት የለም» ስትል ጋሽ ዘካርያስ ምስማር ሊገዙ ቆመው ነበር። በማግስቱ በራችንን አንኳኩ።

«ሶሲ፣ እርሳስሽ ሥራ ፈትቷል?»

አልፈታም ነበር፤ ግን ማን እንቢ ይላል? ሦስት ቀን ለፍቼ ምሰሶ ሣልኩላቸው። ቁመቱ ከጀልባዋ ርዝመት ይበልጣል፤ ጫፉ ሹል ነው፤ ሸራው ነጭ፣ ባለ ሦስት ማዕዘን። ከሥሩ ደግሞ ምሰሶውን ከግራና ከቀኝ የሚወጥሩትን ገመዶች ርዝመት በፓይታጎረስ እስከ ሚሊሜትር አስልቼ ጻፍኩ። ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ አዩት።

«ቆንጆ ነው» አሉ።

«አመሰግናለሁ።»

ከጆሯቸው ላይ የአናጢ እርሳሳቸውን አወረዱና ምሰሶዬን ወገቡ ላይ በመስመር ቆረጡት።

«ከዚህ በላይ ያለው ለማን ነው?»

«ለነፋሱ ነዋ! ከፍ ባለ ቁጥር ነፋስ ይበዛል።»

«ነፋስ አነሰኝ መች አልኩሽ? ጠዋት እሺ፣ ይሁን። ከሰዓትስ?»

ይህችን «ከሰዓትስ?» የምትባል ጥያቄ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስንት ጊዜ እንደሰማኋት እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቀው። ዓባያ ጠዋት ጸጥ ብሎ ይተኛል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳበትና ይደፈርሳል። ስለዚህ ለጋሽ ዘካርያስ በዓለም ላይ ያለ ነገር ሁሉ የሚመዘነው በከሰዓቱ ነው። እማዬ ለሱቋ ፍሪጅ ስትገዛ «ጥሩ ነው፤ ከሰዓትስ?» አሏት። እኔ በሒሳብ ዘጠና አራት ሳመጣ «ጎበዝ! ከሰዓትስ?» አሉኝ። ምን ማለት ነው ይኼ? ዘጠና አራት ያመጣ ሰው ከሰዓት ምን ይሆናል?

ለምሰሶው የመረጡት ባሕር ዛፍ ነበር፤ ለፎቅ መወጣጫ ከሚቆሙት ውስጥ ቀጥ ያለውን። ልጣጩን የላጥኩት እኔ፣ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰለስኩት እኔ፣ ዘይት የቀባሁት እኔ። ወደድኩት። እሳቸው ግን በየቅዳሜው ምሰሶውን አቁመው፣ ገመዶቹን ወጥረው፣ ወደ ኋላ ራቅ ብለው ያዩና «አንድ ስንዝር» ይላሉ፤ ከዚያ መጋዝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ «አንድ ስንዝር።» ሕፃን ልጅ በየወሩ ሲያድግ አይቻለሁ፤ በየሳምንቱ የሚያጥር ነገር ግን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። አንድ ቀን መጋዙን የእማዬ ስኳር ጆንያ ጀርባ ደበቅኩት። ወጥተው ከጎረቤት ተውሰው ተመለሱ።

«ጋሽ ዘካርያስ፣ እንጨት ተቆርጦ ያጥራል እንጂ ተቆርጦ አይረዝምም!» ብዬ ጮህኩባቸው።

«ልክ ነሽ» አሉና ቆረጡት።

ሲቆርጡ ይዘምራሉ። እሳቸው ጴንጤ ናቸው፣ እኛ ኦርቶዶክስ፤ ያስቸገረን ግን እሱ አልነበረም። ችግሩ ከመዝሙሩ አንዲት ስንኝ ብቻ መዘመራቸው ነው። ሁለተኛዋ ልትመጣ ስትል መጋዙን አቁመው ይለካሉ፤ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው። እማዬ አንድ ቀን ከኩሽና፣ «ጋሽ ዘካርያስ፣ ስለ እመቤቴ ብለው ይጨርሱትና ልገላገል!» አለቻቸው። «እሺ እትዬ ወይንሸት፣ ስደርስበት» አሉ። አልደረሱበትም።

ሸራውማ አይነሳ። ከአንድ ሕንፃ ላይ የወረደ የማስታወቂያ ባነር ይዘው መጡ። «ታላቅ ቅናሽ» የሚል ቀይ ጽሑፍና ግማሽ ሶፋ ያለበት። እንባዬ መጣ። እኔ የሣልኩት ነጭ ሸራ ነበር።

«ቢያንስ በሌላው ገጽ እንስፋው፤ ሰው ምን ይላል?»

«ነፋስ ማንበብ አይችልም» አሉኝና መርፌ አስያዙኝ።

ጭቅጭቃችንን የፈረደው የእማዬ ብርድ ልብስ ነው። ማስጫ ስላሳጧት አንድ ቀን ተናዳ ርጥብ ብርድ ልብሷን ከምሰሶው ጫፍ በወረደው ወጣሪ ገመድ ላይ፣ እስከቻለችው ድረስ ከፍ አድርጋ ሰቀለችው። የለቡን ነፋስ ታውቁታላችሁ። አንድ ጊዜ መጣና ጀልባዋን በአንድ ጎኗ ከድንጋዩ ላይ አንስቶ መልሶ አስቀመጣት። እማዬ «ኧረ በሕግ!» ብላ ጮኸች። ጋሽ ዘካርያስ እየሮጡ ወጡ። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ብርድ ልብሱን በሜትር ለኩት።

«እትዬ ወይንሸት፣ እስቲ አሁን ዝቅ አድርገው ይስቀሉት።»

«ምን?»

«ዝቅ አድርገው። እባክዎ።»

ዝቅ ብሎ ሲሰቀል ነፋሱ ያው ነፋስ ነበር፤ ጀልባዋ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ሦስታችንም ግማሽ ሰዓት ቆመን አየን። ከዚያ ጋሽ ዘካርያስ ሁለት ስንዝር ቆረጡ፤ እኔም መቃወሚያ አጣሁ። በመጨረሻ የቀረው ምሰሶ ከእሳቸው ጥቂት ከፍ የሚል ነበር። እሳቸው ደግሞ አጭር ናቸው።

ከሁሉ ያማረረኝ ግን ቋጠሮው ነው። ሸራው የሚወጣበት ገመድ በመቀመጫው በግራ በኩል በአንድ ቋጠሮ ይታሰራል፤ ነፋስ ሲበረታ የገመዱን ጫፍ ሳብ ሲያደርጉት ተፈትቶ ሸራው ባንዴ ይወርዳል። ይህን ለመፈተን ቀኝ እጄን በሻርፕ ከወገቤ ጋር አሰሩት። «የአልማዝ ቀኝ የለም ብለሽ አስቢ» አሉኝ። በግራ እጄ አርባ ጊዜ ቋጠርኩ፣ አርባ ጊዜ ፈታሁ። ገና ለመድኩት ብዬ ስኮራ አንድ ባልዲ ቀዝቃዛ ውሃ ከኋላዬ ቸለሱብኝ። ዩኒፎርሜን እንደለበስኩ!

«ምን አደረግኩዎት?»

«በነፋስ ቀን እጅሽ ደረቅ የሚሆን መስሎሽ ነው? ፍቺ! ፍቺ!»

እየተንቀጠቀጥኩ ፈታሁት። ባይፈታ ኖሮ ሌላ ባልዲ ሞልቶ ተቀምጦ ነበር።

አሁን የማፍርበት ጋ ደረስኩ። ደስ ያለው ሰው ሁሉን ይናገራል ስለሚባል እናገራለሁ።

ክረምት ነበር። ግቢያችን ተዳፋት ስለሆነ ጀልባዋ የተቀመጠችው በአንድ ጎኗ በአሮጌ ጎማ፣ በሌላው በድንጋይ ተደግፋ ነው። ዝናብ በጣለ ቁጥር ከሥሯ ያለው አፈር ይሸረሸራል። እናም ምሰሶው ከመተከሉ በፊት ጀልባዋ ራሷ አለመዝመሟን በግንበኛ ውሃ ልክ ማየት ነበረብን፤ አረፋዋ መሐል ላይ ከቆመች ደህና ነው። የተከላው ቀን ጠዋት «ሶሲ፣ ውሃ ልኩን እዪ» አሉኝ፤ አየሁ፣ ልክ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ «እዪ» አሉኝ፤ አየሁ፣ ልክ ነው። ከዚያ ኃይለኛ ዝናብ መጣና አባራ። እሳቸው ቱንቢያቸውን፣ ያቺን ቀጥታ መለኪያ ባለ ክር ብረት፣ ከምሰሶው ጎን አንጠልጥለው ቆመዋል። እኔ እግሬ ጭቃ ውስጥ ነው፤ ርቦኛል፤ በረዶ ሆኛለሁ።

«ሶሲ፣ ውሃ ልኩን አየሽ?»

«አይቻለሁ!» አልኩ።

አላየሁም።

እሳቸው በቱንቢው ክር እያነጻጸሩ ምሰሶውን ቀጥ አደረጉት። ሥሩን በሽብልቅ መትተው አጠበቁ፣ ገመዶቹን ወጠሩ፣ ራቅ ብለው አዩ። «ልክ» አሉ። ከእሳቸው አፍ «ልክ» ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ጀልባዋን ልንፈትን ወጣን። ከሰፈራችን ዝቅ ብሎ መሠረቱ ተቆፍሮ የቆመ ሕንፃ አለ፤ ክረምት ሲገባ ጉድጓዱ ኩሬ ይሆናል። ጥበቃውን አስፈቀድን። ስምንት ሰው ጀልባዋን ተሸክሞ ሲወርድ ሰፈሩ በሙሉ ከኋላ ተከተለ።

«ጋሽ ኖኅ፣ እንስሳቱስ የታሉ?»

«ጋሽ ኖኅ፣ እኔን ያስገቡኝ፣ ባለቤቴን ግን ይተዉልኝ!»

«አንተን የሚያስገቡህ ከአህዮቹ ጋር ነው!» አለች ባለቤቱ።

ጀልባዋ ውሃ ላይ አረፈች። ደስ ስትል! ግራዋም ቀኟም እኩል ሆኖ ተንሳፈፈች። ምሰሶው ግን ከመጠጥ ቤት እንደወጣ ሰው ወደ ቀኝ ጋደለ። ያደረግነው ወዲያው ገባኝ። ግቢ ውስጥ ጀልባዋ ዘማ ነበር፤ ምሰሶው ደግሞ ለመሬቱ ቀጥ ብሎ ነው የተተከለው። ውሃው ጀልባዋን ሲያቃና ምሰሶው ተጣመመ።

ሰው በሳቅ ፈረሰ። «ጠጥቷል! ጠጥቷል!» «ኧረ ማነው የሠራው?»

ጋሽ ዘካርያስ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ውሃው ውስጥ ቆመዋል። ዞር ብለው፣ «እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። አፌን አልከፈትኩም።

ከዚያ ቀጥሎ ባሉት ሦስት ቀናት ሰውዬው ያበዱ መሰለን። ቱንቢያቸውን ይዘው የደረሱበት ሁሉ ያንጠለጥላሉ። የራሳቸው በር ላይ፣ የእኛ በር ላይ፣ መብራት ምሰሶው ላይ። የጎረቤታችንን አዲስ የብረት በር ለክተው «ዘሟል» ስላሏቸው፣ ሰውየው በሩን ከሠራላቸው ባለሙያ ጋር ተጣሉ። እማዬ ሱቅም ሄዱ።

«እትዬ ወይንሸት፣ የሱቅዎ በር ወደ ግራ ዘሟል።»

«ዘሞ ይኑር! እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት ቀጥ ብሎ ነበር!»

በሦስተኛው ቀን መቻል አቃተኝ። «ጋሽ ዘካርያስ፣ ምን እየፈለጉ ነው?» አልኳቸው።

ቱንቢውን መዳፋቸው ላይ አገላበጡት። «ይኼን ነው የምጠረጥረው» አሉ። «አንቺ ውሃ ልኩን አይተሻል። ስለዚህ የተበላሸው ይኼ ነው። ሠላሳ ዓመት ዋሽቶኝ አያውቅም ነበር።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «አላየሁም» አልኩ። «ሦስተኛውን ጊዜ። አይቻለሁ ያልኩዎት... አላየሁም ጋሽ ዘካርያስ።»

ይጮሃሉ ብዬ ጠበቅኩ። ባልዲ ገልብጠው ተቀመጡበት። ቱንቢውን በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉና፣ «ተመስገን!» አሉ።

«ተመስገን?»

«ቱንቢዬ ደህና ነዋ! ሦስት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። ድምፃቸው አልተለወጠም። «ግን ሶሲ፣ ከሰዓት በኋላ አልማዝ ሐይቁ ላይ ብቻዋን ናት። እኔም የለሁ፣ አንቺም የለሽ። እኛ እዚህ ያላየነውን እሷ እዚያ ታየዋለች።»

አለቀስኩ። አላባበሉኝም። «በይ ተነሺ፣ ውሃ ልኩን አምጪ፤ ሦስት ጊዜ እያየሽ ንገሪኝ» አሉኝ። ሦስት ጊዜ አይቼ ነገርኳቸው። አራተኛውን ራሳቸው አዩ።

ሽብልቁን ነቅለን፣ ገመዱን ፈተን፣ ሁሉንም እንደ አዲስ ሠራነው። ሁለተኛ ጊዜ ኩሬው ስንወርድ የሚስቅ ሰው አልነበረም፤ ሰልችቷቸው ቀርተዋል። ምሰሶው ቀጥ ብሎ ቆመ። «ታላቅ ቅናሽ» ነፋስ ሞላውና ጀልባዋ ጋሽ ዘካርያስን ይዛ ከወዲህ ወዲያ፣ የጉድጓዱ ግድግዳ ጋ እስክትደርስ ሄደች። እሳቸው ቀኝ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው በግራቸው ሸራውን አወረዱት። ለቡ ውስጥ በነፋስ የሄደ ጀልባ አየሁ! እየጮህኩ ዳር ዳሩን ሮጥኩ። እሳቸው ሲመለሱ ያሉት «ገመዱ ትንሽ ይንሸራተታል» ነው።

መስቀል ካለፈ በኋላ ሙዝ ጫኙ አይሱዙ መጣ። ጀልባዋን ደፍተን ጫንናት፣ ምሰሶውን ከጎኗ አሰርነው። ጋሽ ዘካርያስም ክፍላቸውን ለቀው አብረው ሊሄዱ ነው። እማዬ ስንቅ ቋጠረችላቸውና ዓይኗን እየጠረገች ወደ ሱቋ ሮጠች። እኔን «በይ ደህና ሁኚ» ብለውኝ ገቢና ገቡ። ይኼው ብቻ! መኪናው መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ቆመ፤ እሳቸው ወረዱ። ሊሰናበቱኝ ነው ብዬ እየበረርኩ ሄድኩ። እሳቸው ግን ከኋላ ዞረው እኔ ያሰርኩትን ገመድ ፈቱ፣ እንደገና አሰሩ፣ ራሴን አንድ ጊዜ ዳበስ አድርገው ገቡ።

ከዚያ አምስት ወር ሙሉ ወሬ የለም። ስደውል «እየተለማመደች ነው» ብቻ ነው መልሳቸው፤ እስከ ማክሰኞ ድረስ።

ሐሙስ ዕለት ስልካቸው ተከፈተ። «ሄሎ» ከማለቴ በዚያ በኩል ግብግብ ተሰማ፤ «ስጠኝ! ስጠኝ አልኩህ!» የሚል የሴት ድምፅ መጣ።

«ሶሲ ነሽ? አልማዝ ነኝ። እህቴ፣ ይኼን ሰውዬ ሁለት ዓመት እንዴት ቻልሽው?»

በሳቅ ሞትኩ። እትዬ አልማዝ እንደ ወንድማቸው አይደሉም፤ ያወራሉ። አምስት ወር ሙሉ ከዳር እንዳይርቁ ተከልክለው፣ ባልዲ በባልዲ ውሃ ሲቸለስባቸው መክረማቸውን ነገሩኝ። ማክሰኞ ጠዋት ግን ሙዛቸውን ጭነው ብቻቸውን ሄዱ፤ ሸጡ። ሲመለሱ ነፋሱ ሐይቁ መሐል ላይ ያዛቸው።

«ጀልባዋ አንድ ጊዜ ጋደል ስትልብኝ፣ በቃ አለቀልኝ አልኩ። በግራ እጄ ሳብ አደረግኩታ! ያ የሶፋ ሥዕል ወርዶ ራሴ ላይ ተከመረ። እሱ ሥር ተሸፍኜ እየጸለይኩ ቆየሁ። ምሰሶው አጭር ነው አይደል፤ ጀልባዋ ወዲህ ወዲያ አለች እንጂ አልተገለበጠችም። ጋብ ሲል ሸራዬን መልሼ አወጣሁና መጣሁ። አንድ ጊዜ እንኳን አልቀዘፍኩም ሶሲ!»

«ጋሽ ዘካርያስስ?»

«ከጠዋት ጀምሮ ውሃው ዳር ቆሞ ነበር አሉ። ስደርስ ዓይኑ ቀልቷል። ምን ሆንክ ብለው ነፋስ ገብቶብኝ ነው ይላል። ነፋሱ ከቆመ አንድ ሰዓት ሆኖታል!»

ከኋላ «ውሸቷን ነው» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

አሁን እዚያ መንደር የእትዬ አልማዝን ጀልባ ያዩ ሦስት ሴቶች «ለእኛስ?» እያሉ ነው። እነሱም ሙዝ ጭነው የሚቀዝፉ ናቸው። እትዬ አልማዝ እንዳሉኝ፣ ወንድማቸው ብቻቸውን እየለኩ ከሠሩት ሦስቱም ሴቶች ጀልባው ሳይደርሳቸው አርጅተው ያልፋሉ። «ስለዚህ አንቺ ነይ፤ የሚያግዝ ሰው ካገኘሽም ይዘሽ ነይ» አሉኝ። ይህን እየጻፍኩ መሆኔን ስነግራቸው፣ «በይ ያነበበው ሁሉ ይምጣ ብለሽ ጻፊ!» አሉ። ጋሽ ዘካርያስ ደግሞ ከኋላ ሆነው «ችኩል እንዳይመጣ» አሉ።

እኔና እማዬ ትምህርት እንደተዘጋ እንሄዳለን፤ እናንተም ተጠርታችኋል። አናጢ መሆን አያስፈልግም፤ ጣውላ መያዝ፣ መርፌ መሳብ፣ ወይም እርሳስ መቅረጽ ከቻላችሁ በቂ ነው። ዋናም አያስፈልግም፤ እዚያ ማንም አይዋኝም። ምሳ ዓሣና ሙዝ ነው። ቅያሪ ልብስ ያዙ። እትዬ አልማዝ ሐይቁ ዳር ወጥተው ይቀበሏችኋል። ለሰላምታ ግራ እጃቸውን ቢሰጧችሁ እንዳትቀየሙ፤ ቀኙ እያረፈ ነው።